ሌሊት የሚቃና፣ ጠዋት የሚጣመም ጣት

ደብረ ማርቆስ ላይ የሰው እግር ማየት የፈለገ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይቁም። ጫማ ሁሉ ይወልቃል። ከገጠር የመጣው ገበሬ እግር ሰፊ ነው። ጣቶቹ ተዘርግተዋል፤ በአውራ ጣቱና በሚቀጥለው ጣት መካከል እርሳስ ብታስገቡ ያልፋል። ከጎኑ ጫማዋን የምታወልቀው የቢሮ ሠራተኛ እግር ግን ሌላ ነው። ጣቶቿ ተጨናንቀው ወደ አንድ ጫፍ ያመራሉ። አውራ ጣቷ ጎረቤቱ ላይ ተደግፏል። ከሥሩ በውስጥ በኩል ጉብ ያለ ነገር ወጥቷል፣ ቆዳው ቀልቷል። እግሯ ቀዝቃዛውን ድንጋይ ሲነካ "እፎይ" ትላለች።

ቅዳሴ ሄዶ የሰው እግር መመልከት ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ የአክስቴ ነገር ከመጣ ወዲህ ዓይኔ ከመሬት አልነሳ ብሏል።

አክስቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ከ30 ዓመት በላይ ሰሌዳ ፊት ቆማ አስተምራለች። ያን ሁሉ ዓመት እግሯ ላይ የነበረው አፍንጫው ሹል የሆነ ታኮ ጫማ ነው። "መምህር በነጠላ ጫማ ክፍል አይገባም" ትል ነበር። አሁን ሁለቱም እግሯ ላይ ያ ጉብታ አለ። አዲስ አበባ ያለችው ልጇ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ የጣት ማሰሪያ አየችና ገዝታ በአውቶቡስ ላከችላት። ማስታወቂያው ሁለት ፎቶ ነበረው። በግራ የተጣመመ ጣት፣ በቀኝ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ጣት። "ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በቤትዎ ሆነው" ይላል።

አክስቴ መመሪያ አክባሪ ናት። 3 ወር ሙሉ አንድም ሌሊት ሳታጓድል አስራው ተኛች። ለውጡን ስጠይቃት የመለሰችልኝ ይህን ነው፦ "ሌሊት ቀጥ ይላል ልጄ። ጠዋት ቡናው ሳይፈላ ተመልሶ ይጣመማል።"

ስለዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ ይህችን አረፍተ ነገር የሚያክል አላገኘሁም። ቡኒየን ለሚባለው ለዚህ ጉብታ የሚሸጡ መሣሪያዎች ሕመም ያስታግሳሉ። የተጣመመ አጥንት ግን አያቃኑም። ማስታወቂያው ማቃናቱን እያሳየ ይሸጣል፤ ገዢው ቤቱ ይዞ የሚገባው ማስታገሻውን ነው። ማስታገሻ ደግሞ መናቅ የለበትም፣ እግሩን ያመመው ሰው ያውቀዋል። ጥያቄው ለማስታገሻ ምን ያህል እንክፈል፣ ከየትኛውስ እንጀምር የሚለው ነው።

መጀመሪያ ስለ ጉብታው። እኛ አገር ለዚህ ነገር የተለየ ስም ሲሰጠው አልሰማሁም። "አጥንቴ ወጣ"፣ "አውራ ጣቴ ሥር አበጠ" ነው የሚባለው። ሐኪሞቹ ሃሉክስ ቫልገስ ይሉታል፣ ኢንተርኔት ላይ ቡኒየን በሚለው ስሙ ይታወቃል። ብዙ ሰው አዲስ አጥንት የበቀለ ይመስለዋል። "ይቆረጥልኝ" የሚለውም ለዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የበቀለ ነገር ብዙም የለም። የነበረው አጥንት ነው ቦታውን የለቀቀው። ከአውራ ጣት ኋላ ያለው ረጅም አጥንት ወደ ሌላኛው እግር አቅጣጫ ይሸሻል። ጣቱ ራሱ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ትንሿ ጣት ያዘነብላል። ሁለቱ የሚገናኙበት መጋጠሚያ በውስጥ በኩል ጎልቶ ይወጣል። ክንዳችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉና ክርናችሁን ተመልከቱ፤ ጉብታው እንደዚያ ነው። ክርን ቢሞርዱት ክንድ አይቃናም።

ሐኪም በራጅ ማዕዘኑን ይለካል። የጣቱ ማዘንበል ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ጤናማ ይባላል። እስከ 20 ቀላል፣ ከ20 እስከ 40 መካከለኛ፣ ከ40 በላይ ከባድ ነው። ራጁ ቆሞ መነሳት እንዳለበት አስታውሱ። ተኝታችሁ ከተነሳችሁ እግሩ ሸክም ስለሌለበት ነገሩ ከእውነቱ ቀለል ብሎ ይታያል። ደግሞም ማዕዘንና ሕመም ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ጣቷ ክፉኛ ተጣሞ ገበያ ደርሳ የምትመለስ ሴት አለች። ትንሽ ያዘነበለ ጣት ይዛ እንቅልፍ የምታጣም አለች።

የሚያጠቃውም ጥቂት ሰው አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 ከሆኑ ሰዎች መካከል 23 በመቶው፣ ከ65 በላይ ከሆኑት ደግሞ ወደ 36 በመቶው ይህ ነገር አለባቸው። ከሴቶች 30 በመቶ፣ ከወንዶች 13 በመቶ ላይ ይታያል። ዘርም አለበት። አክስቴ ብቻ ሳትሆን እናቴም፣ ሴት አያቴም ነበራቸው። አያቴ ደግሞ ታኮ የሚባል ነገር አድርጋ አታውቅም። ስለዚህ ሁሉንም በጫማ ማመካኘት አይቻልም። ሰው የሚወርሰው የእግሩን አሠራር ነው፦ የላላ መጋጠሚያ፣ ጠፍጣፋ ውስጥ እግር፣ የአጥንቱ ቅርጽ። ጫማ ያን ያዘነበለውን ይገፋዋል።

አሁን ወደ ማሰሪያው። ለምንድን ነው የማይሠራው?

የአውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች ጣቱ ቀጥ ብሎ ሳለ በላይና በታች መሐል ለመሐል ያልፋሉ። ሲሳቡ ጣቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያጥፉታል፤ በቃ። ጣቱ አንዴ ካዘነበለ ግን ጅማቶቹ መሐሉን ለቀው በጎን ይሆናሉ። ያን ጊዜ የደጋን ጅማት ይሆናሉ ማለት ነው። በተሳቡ ቁጥር ደጋኑን ይበልጥ ያጎብጡታል። ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች አርቆ ቀጥ አድርጎ መያዝ የነበረበት ትንሽ ጡንቻም ከቦታው ተንሸራትቶ ወደ ሥር ይገባል፤ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ነገሩ ራሱን በራሱ ያባብሳል። እያንዳንዱ እርምጃ ሳቢውን ያጠናክራል።

እንግዲህ አስቡት። ሌሊት ለ8 ሰዓት ያህል ማሰሪያው ተኝቶ ያለን፣ ሸክም የሌለበትን እግር ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ጠዋት ይፈታል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሙሉ ክብደታችን ያረፈበት እግር በደጋኑ ጅማት ይሳባል። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው። ማሰሪያው ጥፋት የለበትም፤ የተሰጠው ሥራ ነው ከአቅሙ በላይ የሆነ። አንዳንድ ሰው ጠዋት ሲነሳ መጋጠሚያው ላላ ያለለት ይመስለዋል፤ ይህ ደህና ነገር ነው። በእኔ ግምት ማሰሪያው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ነው። አጥንቱ ተስተካክሎ እስኪጠና ድረስ ሐኪሙ ጣቱን በቦታው ለማቆየት ሲጠቀምበት። ማስታወቂያው ላይ ግን ይህን አታገኙትም።

ይህ የእኔና የአክስቴ ግምት ብቻ አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ 209 ታማሚዎች በዕጣ በ3 ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሌላው በልኩ የተሠራ የጫማ ውስጥ ሶል ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም ሳይደረግለት ጠበቀ። ውጤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ6ኛው ወር ሶል ያደረጉት ምንም ካላደረጉት ይልቅ ሕመማቸው ቀንሶ ነበር። በ12ኛው ወር ያ ልዩነት ጠፋ። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ግን በዓመቱም ከሁለቱ የተሻሉ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ጣታቸው ማዘንበል የጀመረ 122 ልጆችን ተከታትሎ ነበር። የታሰበው በልጅነት ሶል ብናደርግላቸው ነገሩን እናስቆመዋለን ተብሎ ነው። ከ3 ዓመት ገደማ በኋላ ሶል ያደረጉትም ያላደረጉትም ጣታቸው ማዘንበሉን ቀጥሎ ተገኘ።

እዚህ ላይ "ታዲያ ሁሉም ጥቅም የለውም" ብሎ መዝጋት ይቀላል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። 6 ወር ሕመም መቀነስ ለቆሞ ሠሪ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለመምህር አንድ መንፈቅ ነው። ለጠላ ሻጭ፣ ለሆቴል አስተናጋጅ፣ ለነርስ የዕለት እንጀራ ነው። የተስፋው ልክ ብቻ ይታወቅ።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ብር ብዙም የማያስወጣውና ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሲሊኮን የተሠራችው የጣት መለያ ናት። በአውራ ጣትና በሁለተኛው መካከል ትገባለች። ጣቶቹ እንዳይፋተጉ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይወጣ ታደርጋለች። ከሶል ጋር አብራ ስትሆን ሕመም እንደምትቀንስ የታየባቸው ትንንሽ ጥናቶች አሉ። ችግሯ ግን ቦታ ትፈልጋለች። ሞልቶ በተነሳ ታክሲ ላይ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ አንድ ትርፍ ሰው ሲጨምር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በር ሥር ያለው ሰው ጎኑ ይጎዳል። ጠባብ ጫማ ውስጥ የጣት መለያ ማስገባትም እንደዚያው ነው። አውራ ጣት በአንድ በኩል ከጫማው ግድግዳ ጋር ይላተማል፣ ሌሎቹ ጣቶች በሌላ በኩል ይጨፈለቃሉ። ትንሿ ጣት ላይ መጅ ይወጣል። ሰው "መሣሪያው ጎዳኝ" ይላል። የጎዳው ጫማው ነው።

ጉብታው ላይ የሚጠለቀው ለስላሳ መሸፈኛም ሕጉ አንድ ነው። መፋተግን ይቀንሳል፣ ውሃ እንዳይቋጥር ይከላከላል። ጫማው ከጠበበ ግን ተጨማሪ ውፍረት ሆኖ ጭራሽ ይጫነዋል። የሲሊኮኑ ዋጋ ከከበዳችሁ በንጹሕ ጥጥና ፋሻ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር በጣቶቹ መካከል ብታስገቡ ለጊዜው ያንኑ ሥራ ትሠራለች። በየቀኑ ትቀየር። በላብ ርሳ ከዋለች በጣቶች መካከል ቆዳ ይላጣል፣ ፈንገስ ይመጣል።

በልክ የሚሠራው ሶል ወይም ኦርቶቲክ ለየት ያለ ነው። እሱ ጣቱን በቀጥታ አይነካም። ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ የሆነ ሰው ሲራመድ እግሩ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ክብደቱ በሙሉ በአውራ ጣት መጋጠሚያ በኩል ያልፋል። ሶሉ ውስጥ እግሩን ከሥር ደገፍ ያደርግና ሸክሙን ያከፋፍላል። ጠፍጣፋ እግር ያለው ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይሰማዋል። ውስጥ እግሩ ጎድጓዳ የሆነ ሰው ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሐኪም ቢጠይቅ ይሻለዋል። ሶሉ ራሱ ጫማ ውስጥ ቦታ ይይዛል፤ የጫማው የራሱ ሶል ካልወጣ እግር ወደ ላይ ተነስቶ ከጫማው ጣሪያ ጋር ይታሻል።

ሁሉም መንገድ ዞሮ ዞሮ ጫማ ላይ መጣ አይደል? መምጣቱ አይቀርም።

እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ከተማና አካባቢዋ ካሉ የመካከለኛው ዘመን መቃብሮች የወጡ 177 አፅሞች ተመርምረው ነበር። ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ከሞቱት መካከል 6 በመቶው ብቻ የጣቱ መጣመም ምልክት ነበረባቸው። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሞቱት ግን 27 በመቶው። በመካከሉ የመጣው ነገር አፍንጫው እንደ ምንቃር የሾለ ጫማ ፋሽን ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ከሆንግ ኮንግ የወጣ ጥናት ደግሞ ጫማ ከሚያደርጉት 33 በመቶው ላይ የጣት መጣመም ሲያገኝ፣ ባዶ እግራቸውን ከሚሄዱት ላይ ያገኘው 2 በመቶ እንኳ በማይሞላው ላይ ነው።

ይህን ያነበበ የከተማ ሰው "እንግዲያው ባዶ እግር መሄድ ነው" ሊል ይችላል። ውጭ አገር እንደዚያ የሚሰብኩ አሉ። ጎጃም ላይ ግን ይህን ቃል የሚናገር ሰው አፉን ይያዝ። እኛ ዘንድ ዝሆኔ አለ።

ዝሆኔ ሁሉ በትንኝ የሚመጣ አይደለም። በደጋና በወይና ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር ባለበት አገር፣ ለዓመታት በባዶ እግር ከማረስና ከመሄድ የሚመጣ አለ። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ፣ በዘሩ ተጋላጭ የሆነውን ሰው እግር ያሳብጣል። ደብረ ኤልያስና ደንበጫ ወረዳዎች ውስጥ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች 3.3 በመቶው ላይ አግኝቶታል። ከ30 ሰው አንድ ማለት ነው። መከላከያው ጫማና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። የጤና ባለሙያዎች "ጫማ አድርጉ" እያሉ ስንት መንደር ዞረዋል። ትክክል ነበሩ፤ አሁንም ትክክል ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። "ጫማ አድርጉ" ብለን ምን ዓይነት ጫማ የሚለውን ሳንናገር ቀረን። ገበያ የሚመጣው አንድ ወጥ የሆነ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ፕላስቲክ ጫማ ነው። ርካሽ ነው፣ ጭቃ አይፈራም፣ ይታጠባል፤ ሦስቱም ጥሩ ናቸው። ግን አይለጠጥም። ቆዳ በጊዜ እግርን ይለምዳል፤ ፕላስቲክ እግርን ራሱን ያስለምዳል። ልጅ ሲሆን ይብሳል። ለመስከረም የተገዛ ጫማ እስከ ሰኔ እንዲያገለግል ይፈለጋል። የልጅ እግር ደግሞ ሰኔን አይጠብቅም። አጥንቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ ጫማው ሲጠበው አይጮህም፣ ዝም ብሎ ቅርጹን ይቀበላል። ልጅ "ጫማዬ ጠበበኝ" ካለ ከወር በፊት ጠቦታል ብላችሁ አስቡ።

በረባሶ በዚህ በኩል የሚናቅ አይደለም። ጎማው ሰፊ ነው፣ ጣት ክፍት ነው፣ ተረከዝ የለውም። ለቡኒየን ብቻ ቢሆን ከብዙ የሱቅ ጫማ እመርጠዋለሁ። ለቀይ አፈሩ ግን አይሆንም፤ እግርን አይሸፍንም። ለማሳ የተሸፈነ፣ አፍንጫው ክብና ሰፊ የሆነ ጫማ ይሻላል። ከተማ ላለ ሰው ደግሞ ሰልባጅ ተራ ሄዶ ሰፊ ስኒከር መፈለግ ብልህነት ነው። የሌላ ሰው እግር የቀረጸው እንዳይሆን ሶሉን ማየት ብቻ ነው። ባንድ ጎን ብቻ ያለቀ ከሆነ ተዉት።

ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀላል ነገር ሞክሩ። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፉና ቆማችሁ እግራችሁን ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ ጫማችሁን ሥዕሉ ላይ አስቀምጡት። ሥዕሉ ከጫማው ጎን ብቅ ካለ፣ ብቅ ያለው ያህል ሥጋና አጥንት በየቀኑ ወደ ውስጥ እየተገፋ ነው ማለት ነው። አክስቴ ጋ ይህን ስናደርግ በሁለቱም ጎን ጣት የሚያህል ተረፈ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ወረቀቱን አየች። "ስንት ተማሪ ስለ ስፋትና ቁመት አስተማርኩ" አለች በመጨረሻ።

ሲገዙ ከሰዓት በኋላ ወይም ወደ ማታ ይሁን፤ እግር ቀን ውሎ ያብጣል። ሁለቱንም እግር ሞክሩ፣ ትልቁ እግር ነው የሚወስነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ይቅር። "ሲውል ይሰፋል" የሚላችሁን ነጋዴ አትመኑ። ታኮውስ? ተረከዝ ከፍ ባለ ቁጥር ክብደት ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ጣቶችን ወደ ሹሉ አፍንጫ ይከታል። ሠርግ ላይ ለ2 ሰዓት የተደረገ ታኮ ማንንም አልገደለም። ለ30 ዓመት የተደረገው ነው ጉዳዩ።

አዲስ ጫማ የማይገዛ ሰውስ? ለዚህ ነው ጫማ ሰፊ ያለው። አክስቴን ይዤ ገበያው ዳር የሚሠራ አንድ ጫማ ሰፊ ጋ ሄድን። ሲያያት ተነሳ። ተማሪዋ ነበር። "ቲቸር፣ ይህ ጫማ እኮ ለርስዎ እግር አልተሠራም" አላት፤ ሳትቆጣው ቀረች፣ ይህ ራሱ ተአምር ነው። የቆዳውን ጫማ ጉብታው በሚያርፍበት ቦታ ላይ በእርጥብ ጨርቅ አለሰለሰው። ከዚያ ከእንጨት በተሠራው የእግር ቅርጽ ላይ በዚያው ቦታ ቁራጭ ቆዳ ለጥፎ ጫማው ውስጥ አስገባና አሳደረው። በማግስቱ ጫማው በዚያ በኩል ብቻ ቦርጭ አውጥቶ ነበር። አያምርም። ግን አይነካትም። አንደኛውን የማይለጠጥ ጫማ ደግሞ በጎኑ ቀደደውና በለስላሳ ቆዳ ጠገነው። ለሁለቱ የከፈልነው ከማሰሪያው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የጣት መለያዋን ያስገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሠራች። ቅደም ተከተሉን ነው የተሳሳትነው፦ መጀመሪያ መሣሪያ ገዛን፣ ቦታውን ኋላ አሰብን።

ስፖርቱም ይረዳል፤ ያስተካክላል ብሎ የሚምል ግን አይታመን። መሬት ላይ ተቀምጦ ጣቶችን እንደ ማራገቢያ ለመበተን መሞከር፣ ፎጣ በጣት እየሰበሰቡ መሳብ። ያ ከቦታው የሸሸው ትንሽ ጡንቻ ትንሽ ይነቃል። ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢያሳያችሁ ይመረጣል።

ሁለት ነገር ላይ ግን ጠንከር ልበል። አንዱ ሪህ ነው። ሪህም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚሁ መጋጠሚያ ላይ ነው፣ ሰው ደግሞ ይደባለቅበታል። ልዩነቱ ቀላል ነው። ቡኒየን በዓመታት የሚመጣ ነው። ሪህ በአንድ ሌሊት ይመጣል። የፋሲካ ሥጋና ጠላ በተጠጣ ማግስት፣ ከንጋት በፊት፣ መጋጠሚያው ቀልቶ፣ ግሎ፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚያስጮህ ከሆነ ሲሊኮን አትፈልጉ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መድኃኒቱ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ስኳር ነው። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ቀስ በቀስ ስሜት ያጣል። መሣሪያው ቢልጠው አይሰማውም። ከሲሊኮኑ ሥር ቁስል ተፈጥሮ ለሳምንት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ቁስል ደግሞ እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሰው ምንም ነገር ጣቱ ላይ ከማሰሩ በፊት ሐኪም ያማክር። ካደረገም በኋላ ማታ ማታ እግሩን ይመልከት፣ ካላየ ልጅ ያይለት።

ወጌሻስ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ወለም ያለውን ቁርጭምጭሚት ለማሸት እጃቸው የተባረከ ወጌሻዎች ጎጃም ውስጥ አሉ። ይህ ግን ትናንት የወለቀ ጣት አይደለም። 20 ዓመት የፈጀውን መጣመም በአንድ ጉልበት ልመልሰው ማለት መጋጠሚያውን መስበር ነው። ማሸቱ ደስ ካላችሁ ቀስ ብሎ ይታሽ፤ ጣቱን ግን ጎትተው እንዳያንቋቁት።

ቀዶ ሕክምናው በአጭሩ እንዲህ ነው። አጥንቱ ተቆርጦ ወደ ቦታው ይገፋና በብሎን ይያዛል። የሚሠራው ሕመሙ ጫማም መሣሪያም እምቢ ሲለው ነው፤ ለውበት ብቻ አይመከርም። ወደ 6 ሳምንት በልዩ ጫማ መሄድ፣ እብጠቱ እስኪሰክን ወራት መጠበቅ አለ። ተመልሶ የሚያዘነብልበትም ጊዜ አለ። አክስቴ ይህን ስትሰማ የጠየቀችው ስለ ብሎኑ አልነበረም። "6 ሳምንት ውሃ ማን ይቀዳልኛል? ክረምት ከሆነስ ያን ጭቃ በምን እሻገረዋለሁ?" ነው ያለችው። ጥያቄዋ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ይነሳ።

ለምርመራ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አለ፣ ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ። የእግር ጣት ብቻ የሚያይ ሐኪም አትፈልጉ፤ የአጥንት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒ ክፍል በሉ። ባሕር ዳር ሰው ሠራሽ እግርና የአካል ድጋፍ የሚሠራ የተሃድሶ ማዕከልም አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ከቴሌግራም ሱቅ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ባለሙያው ከመሥራቱ በፊት እግራችሁን ያያል። ከሞጣም ከቢቸናም መንገዱ ሩቅ ነው፣ አንዳንዴም ዝግ ነው። ስለዚህ ለቀላሉ ሕመም መጀመሪያ ጫማ ሰፊው ጋ ሂዱ የምለው ከልቤ ነው። በሳምንታት ውስጥ ካልቀነሰ፣ ቁስል ከወጣ፣ ጣቱ ከደነዘዘ ያን ጊዜ ጉዞው ይታሰብ።

የአክስቴ ማሰሪያ አሁን ግድግዳ ላይ ሚስማር ተመትቶለት ተሰቅሏል። ልጇ ከአዲስ አበባ ስትመጣ እንዳይከፋት ነው። ባለፈው እሑድ አብሬያት ሄጄ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቦርጫም ጫማዋን አውልቃ ከሹሎቹ ጎን አስቀመጠች። ጠበቅኋት። "እፎይ" አላለችም።